የጥሩምባ ነፊው የፊት ጥርስ

አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበረ። ቁጭ በል ይርዳው፤ «ወንድሜን ቁርጥ አድርጌ ልተወው ወይስ ለአራተኛ ጊዜ ልታረቀው? ግራ ገባኝ» አልከኝ አይደል? ሦስቱንም ጊዜ ካስታረቋችሁ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝና መልሱ ለእኔም ቀላል አይደለም። እስቲ መጀመሪያ የሰውዬውን ነገር ስማ።

ሰውዬው የዕድር ጥሩምባ ነፊ ነበር። ሰው ሲሞት በማለዳ በየመንደሩ እየዞረ፣ እየነፋ የሟቹን ስም የሚጠራው እሱ ነው። ሥራውም ክብሩም ይኸው ነበር። አንድ ቀን ከፊት ጥርሱ በላይ፣ ድዱ ላይ ብጉር ወጣበት። ፈረጠ፤ አፉን መረረው፤ ዳነ። ተመስገን አለ። ከወር በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ወጣ። ፈረጠ፤ ደግሞ ዳነ።

ግራ ገባው። ጥርሱ ነጭ ነው፤ ሲበላበት አያመውም። ዱሮ ታሞ ሐኪም ከውስጥ ጠርጎ ደፍኖለታል፤ ስለዚህ እሱን አልጠረጠረም። ድዱን ጠረጠረ፤ በጨው ውኃ ተጉመጠመጠ። መፋቂያውን ጠረጠረ፤ ከወይራ ወደ ክትክታ ቀየረ። በርበሬውን ጠረጠረ፤ አልጫ በላ። በመጨረሻማ ጥሩምባውን ጠርጥሮ በአመድ ፈተገው! ብጉሩ ግን ቀኑን ጠብቆ ከች ይላል። ጎረቤቱ «አስነቅለውና ተገላገል» ይለዋል። ሚስቱ «ካላመመህ ምን አስጨነቀህ፣ ተወው» ትለዋለች። ሁለቱም እውነት ይመስሉታል። የፊት ጥርሱን ያስነቀለ አንድ ጥሩምባ ነፊ ያውቅ ነበር፤ ሲነፋ ነፋስ እንጂ ድምፅ አይወጣውም። እሱን ሲያስብ ማስነቀሉን ይፈራል።

ሲመረው ወደ አንዲት የጥርስ ሐኪም ሄደ። ራጅ አነሳችውና የሥሩ ጫፍ ላይ ምስር የምታክል ጥቁር ነገር አሳየችው።

«ጋሼ፣ መግሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው፤ ድዱ መውጫው ብቻ ነው። ድዱን ከፍቼ የሥሩን ጫፍ እቆርጥና የመገለውን ጠርጌ እሰፋዋለሁ። ጥርሱ አይነቀልም» አለችው።

በስመ አብ! ጭራሽ ዞረበት። ደህናው ድድ ተቆርጦ የታመመው ጥርስ ሊድን? ሥሩ ተቆርጦ ከላይ ያለው ሊቆም? «ልጄ፣ እኔ አልገባኝም። ንቀይልኝና ልረፍ» አላት።

ጉጠቱን አነሳች፤ ከዚያ መልሳ አስቀመጠችው። «እሺ። መጀመሪያ ግን በጣትዎ ይያዙትና ይነቅንቁት።»

ያዘው። ነቀነቀው። ጭንቅላቱ አብሮ ተነቃነቀ እንጂ ጥርሱ ንቅንቅ አላለም። ጥርሱን ለቀቀው። «በይ ክፈቺው» አላት።

ከፈተችው። ማደንዘዣው ሲለቀው ብጉሩ አሳምሞት የማያውቀውን ያህል አመመው። ፊቱ አበጠ፤ ምነው ባልሰማኋት አለ። ሌላ ሰው ጥሩምባውን ይዞ ሲዞር ከአልጋው ሆኖ ሰማና አለቀሰ። ሲሻለው ግን ብጉሩ ሳይመጣ ወር አለፈ፤ ዓመትም አለፈ። ይኸው ዛሬም ይነፋል። እንዴት እንደዳነ ብትጠይቀው አሁንም በቅጡ አልገባውም።

እንግዲህ ይርዳው፣ ጥርሱ ወንድምህ ነው። ብትነቅለው ክፍተቱ የሚቀረው በአንተው አፍ ውስጥ ነው። ሦስት ጊዜ ጉልበት አሳሳምናችሁ፤ ሦስት ጊዜ ደስ ብሎን ወደየቤታችን ገባን። ብጉር ስናፈርጥ የኖርነው እኛ ነን፤ እኔስ አፈርኩ። ስለ አጥር ስትጣሉ አጥሩን ዳኘን፤ ስለ ውኃ ቆጣሪ ስትጣሉ ቆጣሪውን ለየን። ጠቡ ከየት እንደሚመነጭ ግን አንድም ቀን አልጠየቅንም። ያማል ብለን ፈራን።

ዛሬ ልጠይቅህ። አባታችሁ ሰባት ወር አልጋ ላይ ሲማቅቁ፣ ይኸው ታላቅ ወንድምህ ብቻውን እያገላበጠ አስታመማቸው። አንተ ያን ጊዜ የምትኖረው የሁለት ሰዓት መንገድ ርቀት ላይ ነበር። ለምን አልመጣህም?

አየህ፣ ፊትህ ተለዋወጠ። ለእኔ አትመልስልኝ። ሂድና ለእሱ ንገረው፤ ሽማግሌም ይዘህ አትሂድ።