ቀለም የተቀባችው መርከብ

በድሮ ዘመን፣ መርከብ በእሳት መሄድ በጀመረበት ሰሞን፣ በምጥዋ ወደብ መንሱር የሚባል ባለመርከብ ነበረ። ሀብታም ነበር፤ ስስታም ነበር፤ ዓይኑን በጨው የታጠበ ነበር። መርከቡ ነጅማ ትባላለች። ከሰሏን የሚያነደው ሐምዳን ደግሞ ቁጡና እውነተኛ ሰው ነበር።

ነጅማ አሥራ ሁለት ዓመት ምጥዋንና ጅዳን አገናኘች። ሐጃጅ ወሰደች፤ ሙሽራ አመጣች፤ ሕፃን ተወለደባት። ከዚያ አረጀች። ብረቷን ጨው በላው።

ሐምዳን ሄደና፣ «ጌታዬ፣ ከሥር ታፈሳለች፤ ትጠገን» አለ።

መንሱርም፣ «ቀለም ቀቧት» አለ። ቀቧት።

ደግሞ ሄደና፣ «ጌታዬ፣ ቀዳዳው እጄን ያስገባል» አለ።

«ቀለም ቀቧት!»

ሦስተኛም ሄደና፣ «ከአንዲት በቀር ጀልባዎቹ በስብሰዋል። ይህን ሁሉ ሰው አትጫን! እህቴ ሰዓዳም ተሳፍራለች» አለ።

«ቀለም ቀቧት ብያለሁ! አንተ እሳትህን አንድድ!»

ሐምዳን እሳቱን ለማያውቅ ሰው ትቶ መውረድ ፈራ። ጥርሱን ነክሶ አነደደ።

ዳህላክ ደሴቶች አጠገብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የነጅማ ሥር ተቀደደ። ውኃው እሳቱን አጠፋው። ሐምዳን ሮጦ ሲወጣ፣ አብሮ የተሳፈረው መንሱር ደህና በነበረችው አንዲት ጀልባ የገንዘብ ሣጥኖቹን ጭኖ ሲቀዝፍ አየ።

«ሣጥኑን ጣልና ሴቶቹን ጫን!» ብሎ ጮኸ።

መንሱር ዞር ብሎም አላየው።

ሐምዳን በር ነቀለ፤ ሳንቃ ነቀለ፤ ለሰዎቹ ወረወረ። ከባሕሩ ሥር ዕንቁ የሚለቅሙ ጠላቂዎች ደርሰው አርባ ሰው አተረፉ። ሰዓዳ ግን አልተገኘችም።

መንሱር ዳኛው ፊት፣ «ማዕበል ነው» አለ። ከመንሱር ማዕድ የሚበላው ዳኛም፣ «አዎ፣ ማዕበል ነው» ብሎ ፈረደ። ልጆቼ፣ ያን ቀን ባሕሩ እንደ እርጎ ረግቶ ነበር! ይህን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ዓመት ሳይሞላ መንሱር ሌላ መርከብ ገዛ። ሐምዳን ወደቡ ላይ ቆመ። ለመጣው ተሳፋሪ ሁሉ፣ «እህቴን ሰዓዳን የገደላት የዚህች መርከብ ጌታ መንሱር ነው» አለ። የተረፉትም አጠገቡ ቆሙ፤ የሞቱባቸውን ስም ጠሩ። አንዲት አሮጊት ጓዟን አንስታ ተመለሰች። ሌላው ተከተላት። ከሰል አንዳጆቹም አካፋቸውን ጥለው ወረዱ።

መንሱር በንዴት ራሱ ሊያነድ ገባ። ጢሱ አፍኖት እያሳለ ወጣ። መርከቡ እዚያው ቆማ ዛገች፤ እሱም እዚያው ቁጭ ብሎ ደኸየ። ሰላም የሚለው እንኳ አጣ።

እናንተም ልብ በሉ፦ ሰው የገደለውን «ባሕር ገደለው» ሲሏችሁ ዝም አትበሉ። ተረቴን ወስዳችሁ ለሌላ ንገሩ፤ ስትነግሩም የመንሱርን ስም እንዳትደብቁለት።