ዞሮ ማያ

በአፋር ቆላ፣ ከጨው ሜዳው መለስ ብሎ፣ አስጎብኚዎች «ዞሮ ማያ» የሚሏት ዝቅ ያለች ጥቁር ጉብታ አለች። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ በረሃውን ሊጎበኝ የሚሄድ እንግዳ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ላንድክሩዘሩ ይቆማል፤ መንገድ መሪውም «ውረዱና ወደ መጣችሁበት ዙሩ» ይላል። እንግዶቹ ግራ ይገባቸዋል። አንዱ የሚያሳድደን ነገር አለ ብሎ ይደነግጣል፣ ሌላው ካሜራውን አውጥቶ ምኑን እንደሚያነሳ ይጠፋዋል፤ ከኋላቸው ያለው አቧራ የለበሰ መንደር ብቻ ነዋ! መንገድ መሪው ይባስ ብሎ፣ ለማን እንደሆነ ሳይናገር፣ እጁን ወደ መንደሩ ያወዛውዛል፤ እንግዶቹም ተከትለውት ያወዛውዛሉ፤ ጉብታዋን አልፈው ጥቂት ሲሄዱም ደግሞ ያዞራቸዋል።

ሽማግሌዎቹ እንደሚሉት ዱሮ ነገሩ ተቃራኒው ነበር። ጨው ሊያመጣ የወጣ ሰው ወደ ኋላ መዞሩ ነውር ነው፤ የዞረ እንደሆነ ልቡ ቤቱ ይቀራል፣ ግመሎቹም እምቢ ይሉታል ይባል ነበር። ደግሞም ሲወርዱ በዚህች ጉብታ ይውረዱ እንጂ፣ ጨው ጭነው የሚመለሱት ወደ ደጋው ገበያ በሚያወጣው በሌላው መንገድ ስለነበር፣ ይህን መንገድ ከወዲያ በኩል ያየው ሰው አልነበረም። ማንም ይህን ነገሬ አላለውም።

በዚያ ዘመን መዲና የሚባሉ ባልቴት ነበሩ አሉ። ባላቸው ከብዙ ዓመት በፊት ጨው ሜዳ ወርዶ ሳለ፣ ሚስቴ የምትወልድበት ቀን ደርሷል ብሎ ከጓደኞቹ ተነጥሎ በወረደበት ሲመለስ፣ በገዛ መንገዱ ላይ ጠፍቶ በውሃ ጥም ሞተ። እንዴት እንደጠፋ ለመዲና የነገራቸው የለም። ያኔ የተወለደችው አስያ አድጋ፣ ኡቱባን የተባለ ጎበዝ መንገድ መሪ ሊያገባት ሲጠይቅ፣ እናትየው «ያባቷን መቃብር አሳይተህ በደህና ከመለስኸኝ ልጄን እሰጥሃለሁ» አሉት። ኡቱባን ይህማ ምን አላት ብሎ በደስታ ተቀበለ።

ጎህ ሲቀድ መዲናን በግመል አስቀምጦ፣ አንድ ስልቻ ውሃ ይዞ ወጣ። ችግሩ፣ ባልቴቲቱ ጉብታዋ ላይ እንደደረሱ ወደ ኋላ ዞሩ። ትንሽ ሄዱና ደግመው ዞሩ፤ ከዚያም በየመንገዱ እንደዚሁ።

«ኧረ እናቴ፣ አይዙሩ! ሰው ቢያይ ምን ይለናል?»

«እኔ ጨው ነጋዴ ነኝ? አንተ መንገድህን ምራ።»

እየተሳቀቀ መራ። ቀትር ላይ ከድንጋይ ከተካበው መቃብር ደረሱ። መዲና እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አድርገው ብዙ ቆዩና፣ «ውሃ ጠምቶት ነው የሄደው» ብለው ከስልቻው ከግማሽ በላዩን አፈሰሱበት። ኡቱባን አዘነላቸው፤ ይተዉ ብሎ አልከለከላቸውም።

ሲመለሱ ነገሩ ሁሉ ተደበላለቀበት። ዱካቸውን ነፋስ ጠርጎታል። ጠዋት ሁለት የነበሩት ቋጥኞች አንድ ሆነዋል፣ ቀይ የነበረው ገደል ጠቁሯል፣ ጉብታ በጉብታ ላይ ተደርድሮ የቱም የሱ አይመስልም። ጂን አገሩን ገልብጦት ይሆን? ወይስ እኔ አብጃለሁ? ወደ ቀኝ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ግራ ሄደ፤ ቆይቶ ትኩስ የግመል ፋንድያ አየና መንገደኛ ያገኘ መስሎት ሲሮጥ፣ የገዛ ግመሉ የጣለው ሆኖ ተገኘ። ስልቻው ጠብታ ብቻ ቀርቶታል፣ የመዲና ከንፈር ተሰነጣጥቋል። አስያን ማጣቱ ቀርቶ እናቷን ገድሎ ምን ብሎ እንደሚነግራት ሲያስብ ግመሉን አቆመ። ለመንገድ መሪ ከሞት የሚከብደውን ቃል ተናገረ።

«እናቴ፣ መንገዱ ጠፍቶኛል።»

«የቱ ነው የጠፋህ?» አሉ መዲና ተገርመው። «ያ ጎኑ የተገመሰው ቋጥኝ አይደል እንዴ? በግራው ነው የመጣነው። ከሱ ወዲያ እንደ ተኛ ግመል ያለችው ጥቁሯ፣ የኛ ጉብታ ናት።»

«በምን አወቁ?»

«ስዞር አየኋቸዋ!»

ይህን ብለው ወደ ጉብታዋ ደግመው አዩ።

«ባሌ የወረደ ቀን ደጃፌ ቆሜ እስኪሰወር አየሁት» አሉ። «ጉብታዋ ላይ ሲደርስ አንዴ ይዞራል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዞረም። ዛሬ የዞርሁት ቢዞር ምን ያይ እንደነበር ልወቅ ብዬ ነው። ለካስ ቢዞር እኔንም መንገዱንም ያይ ኖሯል!» መቃብሩ ላይ ያልመጣው እንባ ያኔ መጣ። ኡቱባንም አብሯቸው አለቀሰ፤ ግመሉን ግን ወደ ተገመሰው ቋጥኝ አዞረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደር ገቡ፤ አስያም ተዳረችለት። በሚቀጥለው የጨው ጉዞ ኡቱባን ጉብታዋ ላይ ሲደርስ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ወደ ኋላ ዞሮ ደጃፍ ለቆመችው ሚስቱ እጁን አወዛወዘ። ጉድ ተባለ፤ ግመሎቹን ሁሉም በስጋት አያቸው፣ እነሱ እንደሆኑ እያመነዠኩ ነው። የጉብታዋን ስም ማን እንዳወጣው ሽማግሌዎቹ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ እኔ መዲና ናቸው የሚሉትን አምናለሁ።

የዛሬዎቹም እንግዶች በረሃውን ሲያዩ ውለው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ጉብታዎቹ ሁሉ ተመሳስለው ሲደበላለቁ፣ እንደ ተኛ ግመል ያለችውን ቀድመው አይተው «ያቻት!» የሚሉት እነሱ ናቸው። ጠዋት ለማን እንደሆነ ሳያውቁ ያነሱትን እጅ፣ ያኔ ማንም ሳያዛቸው ወደ መንደሩ ያነሳሉ።