ሰልስቱ እስኪወጣ

አንዲት ሴት ነበረች። ግራ ዓይኗ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ቀኙን ደግሞ ሞራ ሸፈነው። ከዚህ ሁሉ ዓለም የቀራት እንደ ጉም ያለ ብርሃን ነበር። ሰውን በድምፁ፣ ቤቷን በግድግዳው ዳሰሳ ታውቃለች። ስሟ ደብሪቱ ነው። ልጇ አስካለ እጇን ይዛ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ሞራው ተገፈፈላት።

በማግስቱ ፋሻው ሲነሣ መጀመሪያ ያየችው የልጇን ፊት ነው። አየቻት፣ አየቻትና፣

«አንቺ ልጅ! ሸብተሻል እንዴ?» አለች።

«አንቺን ስጎትት ነዋ የሸበትኩት እማዬ!»

ሁለቱም ሳቁ። እንባዋ መጣና እጇን ስታነሣ ነርሷ ቀልጠፍ ብላ ያዘቻት። «ኧረ እማማ! እንዳያሹት!»

ጠብታው በቀን አራት ጊዜ፣ እጅ በሳሙና ታጥቦ። ውኃና አቧራ እንዳይገባ። ማጎንበስ የለም፤ ከባድ ማንሣት የለም። ሲተኙ መከለያው ይደረግ። «ከሁሉ በላይ ግን» አለች ነርሷ፣ «ከቀላ፣ ካመመዎ ወይም ማየቱ ከቀነሰ አንዲት ቀን አያሳድሩ። ያኔውኑ ይምጡ። ያለዎት ይህ አንድ ዓይን ነው።»

አምስት ቀን ደብሪቱ ዓይኗን እንደ እንቁላል ጠበቀችው። በሯ ላይ ተቀምጣ ታያለች። ምን ታያለች? የጎረቤቱን አዲስ ቆርቆሮ። የአላፊ አግዳሚውን ጫማ። የገዛ እጇን! «ይሄ የእናቴ እጅ ነው እንጂ የእኔ ነው?» ትላለች። ወንድሟ ወርቅነህ እሑድ ሊጠይቃት ይመጣል፤ የእሱን ፊት ለማየት ቀን ትቆጥር ነበር።

ዓርብ ጠዋት ወርቅነህ በድንገት ሞተ።

ደብሪቱ ከሐኪም ቤት የተሰጣትን ጥቁር መነጽር አድርጋ ለቅሶ ቤት ገባች፤ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። አልጮኸችም፤ ደረቷን አልደቃችም። እንባዋ ዝም ብሎ ይወርዳል፤ አስካለ በንጹሕ ጨርቅ ጉንጯ ላይ ታደርቅላታለች።

«አየሻት? እንደ እንግዳ ቁጭ!» አለች ጎረቤቷ ወይዘሮ ባፈና፣ አጠገቧ ላለችው ሴት።

«ደግሞ መነጽሯ!»

«ዓይኗን ብታገኝ ወንድሟን ረሳች።»

በሹክሹክታ ነው የተባባሉት። ግን ስንት ዓመት በጆሮዋ የኖረች ሴት ናት፤ ሹክሹክታ ያመልጣታል ብላችሁ ነው?

ደብሪቱ ተነሣች። መነጽሩን ወረወረችው። ሬሳው ሲወጣ ከግቢው አፈር ላይ ተደፋች፤ ፊቷን መታች፤ በአቧራማ እጇ ዓይኗን አሸች። «ወንድሜ! ሳላይህ! ሳላይህ!»

ሰዉም፣ «አሁን ገና እህት ሆነች» አለ።

ማታውን ዓይኗ ደም መሰለ። በወስፌ እንደሚወጉት ይጠዘጥዛታል።

«እማዬ፣ ተነሽ፤ ሲነጋ እንሂድ» አለች አስካለ።

«ሰልስቱ ሳይወጣ? የወንድሜን ፍራሽ ጥዬ? ምን ይሉኛል?»

አስካለ ጨንቋት ወይዘሮ ባፈናን ለመነች። «እባክሽ አንቺ ንገሪያት፣ አንቺን ትሰማለች።»

ባፈናም፣ «ሦስት ቀን ምን አላት ልጄ? ዓይን የትም አይሄድ» አለቻት።

ዓይን ሄደ።

ሰልስቱ በወጣ ማግስት ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወስዶ አያት። «መቼ ነው የጀመራት?»

«የቀብሩ ዕለት» አለች አስካለ።

«ያኔውኑ ብትመጡ ኖሮ…» አለ። ደብሪቱ ቀሪውን እንዲነግራት አልጠየቀችም። ቤቷ ስትደርስ እጇን ዘርግታ ግድግዳውን ፈለገች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ያቺን ዓይን ማን አጠፋት? አቧራው ነው? ደብሪቱ ናት? ደብሪቱማ ታውቅ ነበር! የታዘዘችውን አንድ በአንድ ታውቅ ነበር! ይሉኝታ ነው ከፍራሹ ጋር ያሰራት። ይሉኝታ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ከእኛ አፍ ነው የሚወጣው።

ባፈና ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። ለዚያ ለቅሶ ከሁሉ ቀድማ የደረሰች፣ ንፍሮውን የቀቀለች፣ ውኃውን የቀዳች እሷ ናት። እኔን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። ክፉ ብትሆን ኖሮ እኔም እናንተም በዳንን ነበር።

እናንተስ? መጠጥ የተወውን ሰው፣ «ለእኛ ክብር እንኳ አንዲት ብርጭቆ?» ያላችሁት መቼ ነው? ንስሐ የገባውን፣ «ደርሶ ጻድቅ!» ብላችሁ የሳቃችሁበትስ? ፈጣሪ በአንድ ቀን ያድናል። የዳነው ግን ወደ እኛ መካከል ነው የሚመለሰው፤ ቁስሉ ሳይደርቅ፣ በእኛ ዓይን ፊት፣ በእኛ ምላስ ሥር። ስንቱ ከሐኪም እጅ ድኖ ወጥቶ በእኛ እጅ ጠፋ?

የደብሪቱን ዓይን ዛሬ ልናበራላት አንችልም። እሱ አልፏል። ነገር ግን ነገ ከነገ ወዲያ ለቅሶ ቤት መቀመጣችን አይቀርም። የታመመች ሰው እዚያ ፍራሽ ላይ ብታዩ፣ እንባዋን አትመዝኑባት። ቀስ ብላችሁ ጠጋ በሉና፣ «ተነሽ እቴ፣ የመድኃኒትሽ ሰዓት ደርሷል። ፍራሹን እኛ እንቀመጥልሻለን» በሏት።