የሉቃስ ዘመን ጋን

አንዲት ስኂን የምትባል፣ ፊደል የቆጠረች ግን ዓይነ አፋር ሴት ነበረች። አሁን የምነግራችሁን ነገር ለሃያ ዓመት ለማንም፣ ለንስሐ አባቷ እንኳን፣ ተናግራ አታውቅም ነበር።

ስኂን የምትሠራው በአንድ አገር ገዢ የወይን ጠጅ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ከአለት ሥር የተፈለፈለ ዋሻ ነው፤ ትልልቅ ጋኖች በጨለማው ውስጥ ተሰልፈው ይቆሙበታል። የጠጁ ባለሙያ አለቃ ይመኑ ነበሩ። አዲስ ቀይ ወይን ጠጅ እንደ ጥሬ ሙዝ ምላስ ያኮማትራል፤ ሻካራነቱ ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ የሚወጣ ነው። አለቃ ጋኑን በጭቃ አሽገው ሦስት ዓመት ያሳርፉታል። ካልተነካ ሻካራው ነገር እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብድና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ሳይታወቅ በጉሮሮ የሚወርድ ልስልስ ጠጅ ነው። ስለዚህ ወደ ዋሻው በጫማ አይገባም፤ ውስጡም አይወራም።

አለቃ ማንበብ አይችሉም። ጋኑ በየትኛው ወንጌላዊ ዘመን እንደታሸገ፣ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ ወይም ዮሐንስ ብላ በአንገቱ ላይ የምትጽፈው ስኂን ናት። አንድ ቀን የደበዘዘውን የማቴዎስ ጋኖች ጽሕፈት ስታድስ ዋለች። እጇ ለምዶ ኖሮ፣ በዚያው ቀን በታሸገው አዲስ ጋን ላይም «ማቴዎስ» ብላ ጻፈች። ዘመኑ ግን ሉቃስ ነበር። ስህተቷን ያወቀችው ከሳምንት በኋላ ነው። የተማረችው ሴት ዘመን አታውቅም ብለው እንዳይስቁባት ፈርታ ዝም አለች።

በሚቀጥለው ዓመት ገዢው ልጃቸውን ሲድሩ፣ የማቴዎስ ነው፣ ሦስት ዓመቱን ሞልቷል ተብሎ ያ ጋን ተከፈተ። እንግዶቹ ገና ሲጎነጩ ፊታቸው ተጨማደደ። አንዱ፣ አለቃ የሰጡን ወይን ነው ወይስ የቁርበት ማልፊያ ብሎ ሰዉን አሳቀ። ገዢው ግን አልሳቁም። አለቃ ወደ ስኂን ዞሩ።

«ልጄ፣ የዚህ ጋን ዘመን ማን ነው?»

ስኂን መሬት መሬት እያየች፣ «ማቴዎስ ነው» አለች።

ሦስት ዓመት ካረፈ ጥፋቱ የባለሙያው ነው ተባለና አለቃ ከሥራቸው ተባረሩ፤ ክረምቱ ሳይወጣም ሞቱ። ሚስታቸውን እትዬ አፀደን የገበያው ሰው «የቁርበት አልፊው ሚስት» ይላቸው ጀመር።

ስኂን በአለቃ ቦታ ተተካች። ያሸገችው ጠጅ ለሰው ሁሉ ልስልስ ሲሆን የእሷን ምላስ ግን ይቧጥጣል። ሦስት ዓመት ያረፈውም፣ ዐሥር ዓመት ያረፈውም ያው ነው። እየቆየ ወተቱም ሻከረባት። ከዚያ ውኃው።

በሃያኛው ዓመት አንድ ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች ብቻዋን ወደ ዋሻው ገባች። ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ እርጥብ ጭቃ የሚለስን እጅ ድምፅ ሰማች። ቆማ አዳመጠች። እጁም ቆመ።

«ልጄ፣ የዚህ ጋን ዘመን ማን ነው?»

መብራቷን ከፍ አደረገች። ማንም የለም። ረድፉ ጫፍ ላይ ግን እሷ ያላሸገችው አንድ ጋን ቆሟል፤ ጭቃው አልደረቀም፣ አንገቱ ላይም ምንም አልተጻፈም። ጆሮዋን ብታስጠጋ ውስጡ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ልትመልስ ሞከረች። ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ጋር ተጣበቀ።

እየተደናበረች ወጥታ ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ነገሩ የገባት ያን ጊዜ ነው። የወይን ሻካራነት ታሽጎ ዝም ሲባል ይዘቅጣል። በሰው ላይ የዋሹት ውሸት ግን ታሽጎ አይዘቅጥም፤ ተመልሶ የዋሸው ሰው ምላስ ላይ ይወጣል። ጊዜ ሁሉን ያለሰልሳል የምንል እኛስ፣ በልባችን ያሸግነው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ራሳችንን ጠይቀን እናውቃለን?

በማግስቱ ጠዋት ስኂን እትዬ አፀደ ቤት ሄዳ፣ ቃላቱ እየተቆራረጡባት፣ ሁሉንም ነገረቻቸው። አሮጊቷ ምስር እየለቀሙ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«እኔማ ንጹሕ እንደነበር አውቃለሁ» አሏት። «ለማያውቁት ንገሪ።»

ዕለቱ የገበያ ቀን ነበር። ስኂን የእትዬ አፀደን ክንድ ደግፋ አብረው ገበያው መሐል ደረሱ። ነጠላዋን ከፊቷ ገለጠችና፣ «ሰዎች፣ አንድ ጊዜ ስሙኝ» አለች። ማንም አልሰማትም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።