ከሺህ ሁለቱ ደብዳቤ

በአንድ ወቅት፣ ደብዳቤ በፖስተኛ ቦርሳ መምጣቱ ቀርቶ በኢሜይል መጉረፍ ከጀመረ በኋላ፣ በአንዲት ቆላማ ከተማ ሆስፒታል ሦስት የአንድ እናት ልጆች ይሠሩ ነበር። አጭበርባሪዎች በኢሜይል የላኩት ቫይረስ ቀደም ሲል የሆስፒታሉን ኮምፒውተሮች ሁሉ ዘግቶባቸው ስለነበር፣ ሰዉ እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኗል።

ታላቅየው አስማረ፣ ኮምፒውተር አዋቂው፣ የሚገባውን ኢሜይል ይዘት እያነበበ ክፉውን የሚያግት ፕሮግራም ሠራ። «ዘበኛ» ብሎም ሰየመው። ከዚያ ወዲህ በዘበኛው በኩል ያለፈ ቫይረስ የለም።

መካከለኛዋ ዝናሽ ደግሞ፣ ሰው ሲያሞግስ «እስቲ ይለካ» የምትል ናት። ደጉንና ክፉውን ለይታ የምታውቃቸውን አንድ ሺህ ኢሜይሎች ደባልቃ ለዘበኛው ሰጠችው። ክፉዎቹን አንድ ሳያስቀር ያዘ። ከደጎቹ ግን ሁለቱን አገተ።

«ከሺህ ሁለት! ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ አስማረ።

«ሁለቱ የማን እንደሆኑ ማወቅ ነዋ፣ ጋሼ!»

ብትመረምራቸው፣ ሁለቱም «አስቸኳይ፣ ዛሬውኑ ክፈቱት» የሚሉ ናቸው። አጭበርባሪም እንዲሁ ብሎ ነው የሚጽፈው። አስማረ «ባላላው ክፉውም ያልፋል» ብሎ እንዳለ ተወው። እሷም ያገኘችውን ጽፋ ግድግዳ ላይ ለጠፈችና ወደ ሌላ ሥራዋ ሄደች።

ታናሽየው መንገሻ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የኮምፒውተር ነገር ሲነሳ የሚሳቅበት። ወረቀቱን አነበበና የታገቱትን በየማለዳው አንድ በአንድ ይከፍት ጀመር። ክልክል ነው። በአምስተኛው ቀን ቫይረስ ከፍቶ የካርድ ክፍሉን ኮምፒውተር አስቆመና በሽተኛው ሁሉ ሲጉላላ ዋለ። «ሁለተኛ እንዳትነካው!» ብሎ አስማረ ጮኸበት። በስድስተኛውም ቀን ከፈተ።

በዘጠነኛው ቀን «አስቸኳይ» የሚል አንድ ኢሜይል ሲከፍት፣ በዋናው ከተማ ካለው ትልቅ ላቦራቶሪ የተላከ የአንዲት ጨቅላ ደም ውጤት ሆኖ አገኘው። «መድኃኒቷ ዛሬውኑ ይቀየር» ይላል። ይዞት ወደ ሐኪሞቹ ሮጠ።

የጨቅላዋ እናት ወይዘሮ እታገኝ እነዚያን ቀናት አልጋው አጠገብ ተቀምጣ እንዝርቷን ስታሾር ነበር የከረመችው፤ እጇ ሥራ ከፈታ እንባዋ ይቀድማታላ። መድኃኒቱ ተቀየረ፤ ልጅቷም ዳነች። እዚህ ላይ ስደርስ እኔ ተራኪው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ልጅቷ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። እናቷም የፈተለችውን አሸምና አንድ ጋቢ ይዛ መጣች።

«ለሦስታችሁም ቢዳረስ ደስ ባለኝ፤ ጥጤ ግን ለአንድ ብቻ በቃ። ልጄን ላተረፈልኝ ነው።»

አስማረ፣ «ዘበኛው ባይኖር ኮምፒውተሮቹ ተዘግተው ውጤቱም መግቢያ ባጣ ነበር። ያገተው ግን የእኔው ሥራ ነው» ብሎ ጋቢውን ለዝናሽ ሰጣት።

ዝናሽ፣ «ባልለካ ማን ያውቅ ነበር? ግን አውቄ፣ ለጥፌ ሄድኩ» አለችና መንገሻን አለበሰችው።

መንገሻ፣ «እኔ እኮ የእሷን ወረቀት ነው ያነበብኩት። ደግሞስ ያን ቀን ያጉላላኋቸውን በሽተኞች ማን ይክሳቸው?» ብሎ አወለቀው።

ጋቢው ዞሮ ዞሮ እናቲቱ ክንድ ላይ ተመለሰ። ልጅቷ ጫፉን ጨብጣ አልለቅም አለች።

«ኧረ ልበሱልኝ! ማንን ልመርቅ?» አለች እናቲቱ።

እስቲ እናንተ ፍረዱ፦ ያን ጋቢ ማን ይልበሰው?