የፍጥነት ቅጣትና ሦስቱ ሽማግሌዎች

አንድ መንጃ ፈቃድ ካወጣ አራት ወር ያልሞላው ወጣት ነበር። ስሙ ምንተስኖት ይባላል። የአጎቱን ሚኒባስ እየነዳ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላው ሰው ያመላልሳል። እጁ ለመሪ የተፈጠረ ነው፤ ማርሽ ሲቀይር ተሳፋሪው አይነቀነቅም። ይህን ሰዎች ይነግሩታል፤ እሱም ሳይነግሩት ያውቀዋል። ልቡ ያበጠው እንግዲህ ያለ ምክንያት አልነበረም።

በዚያ አገር ሕግ አዲስ አሽከርካሪ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት በሙከራ ያሳልፋል። በዚህ ጊዜ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ ሲነዳ ከተያዘ መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ይታገዳል። ለሁለተኛ ጊዜ ከተያዘ ደግሞ ፈቃዱ ይሰረዝና ሥልጠናውን ከአንድ ይጀምራል። ምንተስኖት ይህን ለፈተና ሲል በቃሉ ሸምድዶት ነበር። ፈተናውን ሲያልፍ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ጋር አብሮ ረሳው።

በመንገዱ መሐል ሐሙስ ገበያ የምትባል መንደር አለች። ገበያው የሚቆመው በስሟ ቀን ነው። ቦታው ስለሚጠብ ሻጩ ዕቃውን እስከ አስፋልቱ ጠርዝ ድረስ ይዘረጋል። እዚያ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ምንተስኖት መንደሯን በሰባ አንድ አቋረጣት። ከመግቢያው እስከ መውጫው ጥሩምባውን ሳያቋርጥ ነፋ፤ ሰዉም ግራና ቀኝ ተከፈለለት። መውጫው ላይ የፍጥነት መለኪያ ይዛ የቆመችው ትራፊክ ፖሊስ ሳጅን እቴነሽ እጇን ዘርግታ አስቆመችው። ቁጥሩን አሳየችው፤ መንጃ ፈቃዱን ተቀበለችና "ስድስት ወር" አለችው።

ምንተስኖት መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የአካባቢው ጤና ጣቢያ መንገዱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ፈልጎ፣ አዲስነቱን ችላ ብሎ፣ የአምቡላንስ ሹፌር አድርጎ መርጦት ነበር። ሥራ የሚጀምረው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ገና መንዳት ከሚማርበት ጊዜ ጀምሮ የተመኘው ይህን ሥራ ነበር፤ ፈቃዱ የታገደበት ሰው ደግሞ አምቡላንስ አይሰጠውም።

በእኛ ዘንድ ሰው ከሰው ጋር ሲቀያየም ሽማግሌ ይላካል። ምንተስኖትም ይህንኑ አደረገ። የተጋጨው ከሕጉ ጋር ነው፤ ለእሱ ግን ከሳጅኗ ጋር የተጣላ መስሎታል። አንሳቅበት፤ በእሱ ቦታ ብንሆን ብዙዎቻችን የምናደርገው ያንኑ ነው።

እሑድ ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች የሳጅን እቴነሽን በር አንኳኩ። መሪያቸው ጋሽ አደፍርስ ናቸው፤ በአርባ ዓመት የሽምግልና ዘመናቸው ባዶ እጃቸውን የተመለሱበትን ቀን አያስታውሱም። ምንተስኖት ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

"ግቡ አባቶቼ፣ ተቀመጡ" አለች ሳጅኗ።

"እሺ ካላልሽን አንቀመጥም ልጄ" አሉ ጋሽ አደፍርስ፣ እንደ ወጉ። "ይህ ልጅ አጥፍቷል፤ አላጠፋም አንልም። እንጀራው ግን በአንቺ እጅ ነው። በፈጠረሽ፣ ማሪው።"

"አባቴ፣ ሽማግሌ የሚላከው ወደ ማን ነው?"

"ወደ ተበደለው ነዋ።"

"እኔ ምን ተበደልኩ? እኔ ዳር ቆሜ ነበር። በሰባ አንድ የመጣባቸው ገበያተኞቹ ናቸው። መጠየቅ ያለባችሁ እነሱን ነው።"

"ማንንም አልነካም እኮ።"

"እንግዲያው ሥራችሁ ቀላል ነው። ሐሙስ ሂዱና ገበያውን ከጫፍ ጫፍ ጠይቁ። በድሎኛል የሚል አንድ ሰው ካጣችሁ እኔው ራሴ ከእናንተ ጋር አለቃዬ ዘንድ ሄጄ እለምንለታለሁ። አንድ ሰው ካገኛችሁ ግን ስድስቱ ወር ይጸናል።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ይህንንማ አሸንፈነዋል ብለው ደስ እያላቸው ወጡ።

ሐሙስ ዕለት ምንተስኖትን ይዘው በአውቶቡስ ሄዱ። ከመንደሯ መግቢያ ጀምረው አንድ በአንድ ጠየቁ። "ባለፈው ሐሙስ ነጭ ሚኒባስ እየበረረ ሲያልፍ የተበደለ ሰው አለ?" ሽንኩርት ሻጯ፣ "ሁሉም እየበረሩ አይደል እንዴ የሚያልፉት? የትኛውን ልለይላችሁ?" አለቻቸው። ሸክላ ሻጮቹ፣ "ዘወር አልን፣ አለፈ" አሉ። በግ የሚጎትቱት ሰውዬ ጭራሽ አላስታወሱትም። እስከ ገበያው እኩሌታ ድረስ በደለኝ ያለ አልተገኘም። የጋሽ አደፍርስ እርምጃ የወጣት ሆነ።

ምንተስኖትም አፉን መክፈት ጀመረ። "ነግሬዎት ነበር እኮ ጋሼ። ጥሩምባ ነፍቻለሁ። የሰማ ሁሉ ዘወር ብሏል።"

"ያልሰማውስ?" አለች አንዲት ሴት።

ዞር አሉ። የተናገረችው ወይዘሮ የሺመቤት የምትባል ጨው ሻጭ ናት። ከአጠገቧ በርጩማ የሚሸጥ ጎልማሳ ተቀምጧል። ጎሹ ይባላል፤ ከተወለደ ጀምሮ ጆሮው አይሰማም። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነግዱ አሥር ዓመት አልፏቸዋል።

"የነጩ ሚኒባስ ሹፌር አንተ ነህ?" አለችው።

"ነኝ።"

"ጎሹ በሁለት እጁ በርጩማ አንጠልጥሎ አስፋልቱን ይሻገር ነበር። ጀርባውን ላንተ ሰጥቷል። ጥሩምባህን እኔ ሰማሁ፣ እሱ ምኑን ይስማው? ሮጬ ሸሚዙን ከኋላ ያዝኩና ሳብኩት። ሸሚዙ ተቀደደ፣ ሁለታችንም ጨዉ ላይ ወደቅን። ቀና ስንል አንተ የለህም። ማንም አልተነካም ልትል ነው? አዎ፣ አልተነካም።"

ምንተስኖት ወደ ጎሹ ዞረ።

ጋሽ አደፍርስ የመጡበትን አልረሱም። ልጁን ክንዱን ይዘው ወደ ጎሹ አቀረቡት። ምንተስኖት ጎንበስ ብሎ የሰውየውን ጉልበት ሊስም ሲል ጎሹ ትከሻውን ይዞ አነሳው፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅር ማለቱን በምልክት ነገረው። ከዚያ በጣቶቹ አንድ ነገር ጠየቀ፤ የሺመቤትም ተረጎመችው።

"ስታየኝ ለምን ፍሬን አልያዝክም ይልሃል።"

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ቀላል መልስ ነበረ። ፍሬኑ ዘግይቶብኝ ነው ይባላል፤ የምትሻገር አልመሰለኝም ይባላል። ምንተስኖት ግን ያንን ቀን በሐሳቡ ተመልሶ ሄደበት። መንገዱን አስታወሰ፤ የፍጥነቱን ደስታ አስታወሰ። በርጩማ የያዘ ሰው ግን በፍጹም ሊመጣለት አልቻለም።

"አላየሁትም" አለ። "አሁን እስክትነግሪኝ ድረስ መኖሩንም አላውቅም ነበር።"

የሺመቤት ይህን በእጇ ስትነግረው ጎሹ አልተቆጣም። ልጁን ትክ ብሎ አየውና ወደ በርጩማዎቹ ተመለሰ። ቢሰድበው ለምንተስኖት ይቀለው ነበር።

ከገበያው ሲወጡ ጋሽ አደፍርስ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስማ ልጄ። ተበዳዩ ይቅር ብሎሃል። ይህን ይዘን ሳጅኗ ዘንድ እንመለስ። ይቅርታ ካለ ቅጣቱ ሊነሳ ይገባል ብለን እንያዛት። ይህ እኔን አያቅተኝም።"

"እንደማያቅትዎት አውቃለሁ ጋሼ። ግን አይሂዱ።"

"ሥራህስ? ይህን የመሰለ ዕድል መቼ ታገኛለህ?"

"ላላገኝ እችላለሁ። ግን ያ ሥራ የታመመ ሰው ይዞ በገበያ መሐል መብረር ነው። አንዷን ወላድ ለማድረስ ስል ሌላ ጎሹ ብገድል ምን አዳንኩ? ይቅርታውን ከእሱ ተቀብያለሁ። ቅጣቱንም እቀበላለሁ፣ ስድስት ወሩን ሙሉ።"

ጋሽ አደፍርስ በአርባ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ቅር ሲላቸው ግን አልታየም።

በማግስቱ ምንተስኖት ጤና ጣቢያው ድረስ በእግሩ ሄደና ፈቃዱ እንደታገደ በራሱ አፍ ተናገረ። ቦታው ለሌላ ሹፌር ተሰጠ። አልቅሷል፤ አላለቀሰም ብዬ አልዋሽም። ስድስት ወር ሙሉ በአጎቱ ቤት መኪና ሲያጥብና ጎማ ሲቀይር ከረመ። ዘመድ ሁሉ "ሰው እንያዝልህ፣ ፈቃድህን እናስወጣልህ" ይለዋል፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ቀኑ ሲሞላ ሳጅን እቴነሽ ፈቃዱን መለሰችለት።

የመጀመሪያ ጉዞው ሐሙስ ቀን ላይ ዋለ። መንደሯ መግቢያ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ከሠላሳም በታች አወረደው። ከኋላ አንድ ተሳፋሪ ተነጫነጨ።

"ሹፌር፣ ሙሽራ ይዘሃል እንዴ? መንገዱ ላይ ማንም የለም፣ ንዳው እንጂ።"

"ማንም አለመኖሩን ሳላይ አልነዳም" አለ ምንተስኖት፣ ዐይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ወዳጆቼ፣ ቅጣት ሲደርስብን መጀመሪያ የምንፈልገው የሚያስምረንን ሰው ነው፤ የበደልነውን ሰው ፈልገን የምንሄድ ጥቂቶች ነን። "ማንንም አልገጨሁም" ማለት "ማንንም አልበደልኩም" ማለት አይደለም። በእኛ ፍጥነትና በአንድ ሰው ሞት መካከል የቆመችው አንዳንዴ ስሟን የማናውቃት ጨው ሻጭ ብቻ ናት፤ እሷ ደግሞ ሁልጊዜ አትደርስም። ለአዲስ አሽከርካሪ የተሰጠ የስድስት ወር እገዳም እንጀራ መንጠቅ አይደለም። እጁ መንዳት የቻለ ሰው፣ ዐይኑም ሰው ማየት እንዲችል የተሰጠ ጊዜ ነው።

እናንተስ፣ በቅርቡ እየበረራችሁ ያለፋችሁበትን አንድ ሰፈር አስቡ። እዚያ መንገድ ዳር ማን ነበር?