ከቁጥቋጦው ጀርባ የታሸው ፈረስ

ተረት ተረት፣ ዛሬስ የፈረስ በረት!

አንድ ኩሩ ፈረስ ከጉግስ ጨዋታ ሲመለስ ወገቡ ተያዘ፤ አንገቱን ማዞር እንኳ አቃተው።

አህያ አየችውና «ጋሼ፣ ትንሽ ልሽዎት። ጀርባ የት ላይ እንደሚያም ከእኔ በላይ ማን ያውቃል?» አለችው።

«ፈረስ በአህያ ታሸ ሊባል? ሞቼ ነው!» አለ ፈረስ። ጥቂት አቃሰተና «እሺ፣ ግን ከቁጥቋጦው ጀርባ» አላት።

አህያ በከንፈሯና በጥርሷ ትከሻውን ቀስ አድርጋ ስታሸው፣ የፈረስ ዓይኑ ተከደነ፤ ከንፈሩ ተንጠለጠለ።

«አደራሽን፣ ለማንም እንዳትናገሪ!» ብሎ እየፈነጠዘ ሄደ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ተደብቆ ተመለሰ። ከቁጥቋጦው ጀርባ የመንደሩ ፈረስ ሁሉ፣ እንዳልተያየ ሆኖ ፊቱን አዙሮ ተሰልፏል።

አህያ ከሥራዋ ቀና ሳትል «ጋሼ፣ እነሱም አደራ ብለውኛል፤ ዝም ብለው ተራ ይያዙ» አለችው።